የታመመ ሰው ንብረት አደራ ነው

በየመንደራችን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመናል። ጥንድ በሬና ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ገበሬ አእምሮው ይታወክና ንብረቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ወንድሙም «ግድ የለም፣ እኔ እይዝለታለሁ» ይላል። ግን ውሎ ሲያድር አንዱን በሬ ይሸጣል፤ ብሩንም ከራሱ ብር ጋር ይቀላቅለዋል። በዓመቱ በሽተኛው ይሻለውና «በሬዬስ?» ብሎ ይጠይቃል። ወንድምየው መልስ የለውም። የአንድ እናት ልጆች በዚህ ይቆራረጣሉ።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መላ አበጅቷል። ባል ወይም ሚስት ወይም ዘመድ ለፍርድ ቤት ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ነገሩን ያጣራል። እውነት ሆኖ ሲያገኘው፣ ሰውየው ንብረቱን በራሱ እንዳያስተዳድር ይከለክላል። ከዚያም ለሰውየው ደኅንነት አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ደግሞ ሞግዚት ይቆምለታል።

ሞግዚት ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። በሬውም እህሉም የበሽተኛው ነው። ስለዚህ ሞግዚት የሆነ ሰው አራት ነገሮችን ማድረግ አለበት።

አንደኛ፣ ንብረቱን ሲረከብ ቆጥሮ ይመዘግባል። ስንት ከብት አለ? ስንት ኩንታል እህል አለ? ሰውየው ዕዳ አለበት ወይ? እሱስ ያበደረው አለ ወይ?

ሁለተኛ፣ የሰውየውን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ይይዛል። ከሰውየው ገቢ አስቀድሞ ራሱ ሰውየው ይብላበት፣ ይልበስበት፣ ይታከምበት። ሚስቱና ልጆቹም አይራቡ።

ሦስተኛ፣ ቤት መሸጥን ወይም በሰውየው ስም መበደርን የመሰለ ከባድ ነገር ሲመጣ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ፈቃድ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ሥራው ሲያበቃ የገባውንና የወጣውን ሒሳብ ያስረክባል። በእሱ ጥፋት የጎደለ ካለ ይከፍላል።

ሰውየው ከዳነ ደግሞ ክልከላው እንዲነሣ ለፍርድ ቤቱ ይመለከታል። ሲነሣለት ንብረቱ ወደ እጁ ይመለሳል።

እንግዲህ ማንበብና መጻፍ ተምረናል። ትምህርታችን ለዚህም ይጥቀመን። የሰው ንብረት ስንይዝ አንዲት ደብተር እንግዛ። «አንድ ወይፈን ተሸጠ፤ ለመድኃኒት ይህን ያህል ወጣ» እያልን ከነቀኑ እንጻፍ። ያላነበብነው ወረቀት ላይ አንፈርም።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ዛሬ ጤነኞች ነን። ነገ የማናችን በሬ በሰው እጅ እንደሚገባ ግን አይታወቅም።