ላሚቱ ቆማ ነው

ልጃቸው ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማርላቸው ወላጆች ‹‹ምን ይማራል?›› ሲባሉ ‹‹ክትባት›› ይላሉ። ክትባቱም አለ። እኔ ማውራት የምፈልገው ግን ያ ልጅ ክንዱን እስከ ትከሻው ላም ሆድ ውስጥ ስለሚከትበት ቀን፣ ለዚያም ቀን ስለሚያበቃው ልምምድ ነው።

ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ተመሠረተ። ዛሬ ጎንደርም፣ ሐረማያም፣ ጅማም ያስተምራሉ። ስለ ተቋማቱ ይህ ይበቃል።

ከላም በፊት ክር ይቀድማል። ከቄራ የመጣ ጨጓራና ቆዳ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ተማሪው መርፌ በጣቱ ሳይነካ፣ በመርፌ መያዣው ብቻ እየወጋና እየሳበ ይሰፋል፣ ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሰፋል። የገባው ተማሪ ማታ ዶርም ገብቶም የአልጋው ብረት ላይ ቋጠሮ ሲያስር ያመሻል። ያልገባው ‹‹እኔ የመጣሁት ልቀድ ነው›› ብሎ ያኮርፋል። መቅደድማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የክር ነው።

ቀጥሎ ቡርዲዞ ይመጣል። ይህ በፈልሳፊው ጣሊያናዊ የእንስሳት ሐኪም ስም የሚጠራ ትልቅ የብረት መቆንጠጫ ሲሆን፣ ወይፈን ሲኮላሽ ቆዳው ሳይቀደድ፣ ደም ሳይፈስ፣ ወደ ፍሬው የሚወርደውን ሥር ይቀጠቅጣል። ተማሪው በገዛ እጁ የሚያከናውነው የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቀላል መስሎት የሚቸኩል ግን አለ። ግራውና ቀኙ ለየብቻ መቆንጠጥ አለባቸው፤ ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙ ደም ማለፊያ ያጣና ከረጢቱ በስብሶ ይወድቃል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ጥርቅም አድርጎ ‹‹ጨረስኩ›› የሚል ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ወይፈኑ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

አሁን ወደ ላሚቱ።

ከተማ ዳር የምትውል ላም ፌስታል ትበላለች። የሽንኩርት ልጣጭና የተረፈ ወጥ በፌስታል ቋጥሮ መንገድ ዳር የሚወረውር ሰው ላም ፈትታ የምትበላ ይመስለዋል መሰለኝ። ከነቋጠሮው ነው የምትውጠው። ከጨጓራ ወደ ሽንፍላ የምታሳልፈው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነች ፌስታሉ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ ሌላ ፌስታል፣ ገመድ፣ የጨርቅ ቁራጭ እየተጠመጠመበት ያድጋል። ላሚቱ ትከሳለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ማመንዠግ ታቆማለች። እንዲህ የተደራረበውን የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ጨጓራዋ መከፈት አለበት።

የብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ጊዜ ላማቸውን ያመጡ እናት እጄን ስታጠብ አይተው፣

‹‹ልጄ፣ በቁሟ ነው እንዴ የምትቀዷት? አታስተኟትም?›› አሉኝ።

‹‹እማማ፣ የምትጎዳው ብትተኛ ነው›› አልኳቸው።

‹‹እኔን ሆዴን ሲቀዱኝ አስተኝተውኝ ነው!››

እውነታቸውን ነው። ግን የእሳቸውና የላማቸው ሆድ አይገናኝም። የትልቅ ላም ጨጓራ መቶ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ እንደ ጠላ ጋንም ሌት ተቀን ይፈላል። የሚፈጠረውን ጋዝ በማግሳት ታስወጣዋለች። አስተኝተን ሙሉ ማደንዘዣ ብንሰጣት ማግሳት አትችልም፤ ጋዙ ይጠራቀማል፣ ጨጓራዋ ያብጣል፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ገፍቶ ሳንባዋን ያጨናንቃል። ፈሳሹ ወደ ጉሮሮዋ ቢመለስና ወደ አየር ቧንቧዋ ቢገባ ደግሞ ላሚቱ ከቀዶ ሕክምናው ድና በሳንባ ምች ልትሞት ትችላለች። ከዚያ ሁሉ በላይ የገዛ ክብደቷ የተኛችበትን እግር ነርቭ ይጫነዋል። ‹‹ታዲያ አስርባችሁ አስተኟት›› የሚለኝም አይጠፋም። አንድ ቀን ብትጾምም ጨጓራዋ ባዶ አይሆንም።

ስለዚህ በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለው የሽንጧ ጎድጓዳ ይላጫል፣ ይታጠባል፣ ሊዶኬይን ይወጋል። ነርቮቹ የሚመጡት ከላይና ከፊት ስለሆነ መርፌው በጎድኑ ጠርዝና ከወገብ አጥንቱ በታች ይሄዳል፤ ከግራዋ ለቆመ ሰው መስመሩ ልክ ፊደል ‹‹ገ›› ነው። ከ‹‹ገ›› ክንድ በታች ያለው ሁሉ ይደነዝዛል። የጨጓራው ግድግዳ ራሱ መቆረጥ አያመውም፤ ሲሳብና ሲወጠር ነው የሚሰማው። በደንብ የደነዘዘች ላም ጎኗ ተከፍቶ ድርቆሽ ትበላለች። ማደንዘዣው እስኪሠራ ደቂቃዎች የማይታገሥ ሐኪም የሚያገኘው እርግጫ ይገባዋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ቆዳው፣ ጡንቻዎቹ፣ ስሱ የሆድ ሽፋን ተከፍተው ጨጓራው ብቅ ሲል ማንም ቢላ አያነሣም። መጀመሪያ ይሰፋል። ጨጓራው ወደ ውጭ ተስቦ ዙሪያውን ከቆዳው ጋር ይያያዛል፤ መከፈቱ ከዚያ በኋላ ነው። ከውስጥ የሚወጣው ጭማቂና ፈርስ አንድ ጭልፋ እንኳ ወደ ሆድ ዕቃ ቢፈስ ላሚቱን ሊገድላት ይችላል። እንዲያ የተሰፋው ጨጓራ ግን ወደ ውስጥ መንጠባጠቢያ የለውም። በቄራ ጨጓራ ላይ ሲያኮርፍ የነበረው ተማሪ ቋጠሮ ለምን እንደተማረ እዚህ ይገባዋል።

ከዚያ ክንድ ይገባል። ሙቀቱ ያስደነግጣል። ቀጭንና ረጅም ክንድ ያላት ተማሪ እዚህ ቦታ ከማንም ትመረጣለች። ፌስታሉን ጎትታ ስትጨርስ እጇን ወደ ፊት፣ ወደ ልብ የተጠጋው ትንሹ ከረጢት ሰድዳ ሚስማርና ሽቦ መፈለግ አለባት፤ ብረት ከባድ ስለሆነ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሲገፋም ልብን ይወጋል። ይህን ሳያይ የሚዘጋ ሐኪም ሥራውን በግማሽ ትቷል።

ተማሪ እዚህ የሚደርሰው በደረጃ ነው። መጀመሪያ የላሚቱን ራስ ይይዛል፣ ቀጥሎ ይላጫል፣ ያጥባል፣ ያደነዝዛል፣ አሲስት ያደርጋል። በራሱ እንዲሰፋ መጀመሪያ የሚሰጠው ቆዳውን ነው፤ እዚያ የሠራው ስሕተት ለዓይን ይታያል፣ ይታረማልም። የጨጓራው ስፌት ድርብ ሆኖ ጠርዙ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ስለሆነ ለበሰለ እጅ ይቆያል። ጓንት አጥልቆ ስልክ የሚያነሣ ተማሪም አለ፤ ፎቶው ሲያምር ጓንቱ ቆሸሸ፣ ተመልሶ ይታጠብ።

ላሚቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለባለቤቷ ሁለት ነገር ይነገራል። አንቲባዮቲክ በምትወስድባቸውና ሐኪሙ በጨመራቸው ቀናት ወተቷን አይጠጡ፣ አይሽጡ። የቆዳው ክር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣልና ይዘዋት ይምጡ። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል።

ክር ማውጣት ለታላላቆቹ ተማሪዎች አሰልቺ ነው። ክሊኒክ የመግባት ተራው ገና ላልደረሰ ታናሽ ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ የሌላ ሰው ስፌት የት እንደያዘ፣ የት እንደላላ፣ የት መግል እንደቋጠረ በጣቱ እየዳሰሰ ያያል። መቀስና ፒንሴት ይዞ ‹‹እኔ ላውጣላችሁ›› ማለት ነው። እምቢ የሚል መምህር አላጋጠመኝም።