ድሪቶና የታመመ እጅ

ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ደራርቦ በእጅ መደረት ጥሩ የማታ ሥራ ነው። ድሪቶ የድህነት ስም ሆኖ ቀረ እንጂ በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ሙቀቱ የሚናቅ አይደለም። ጣቶቻቸውን ቁርጥማት የያዛቸው እናቶች ግን «እጄ እንቢ አለኝ» ብለው መርፌውን ይተዉታል። ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይብሱን ይደርቃል። ስለዚህ አስቀድሞ እጅን በለብ ባለ ውኃ ማሞቅ፣ ወፈር ያለ መርፌ መያዝ፣ ስስ ጨርቅ መምረጥ ይበጃል፤ አቡጀዴ ከጂንስ ይሻላል። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ልጅ ያስገባላቸው። ሕመሙ ሳይጀምር፣ በየሩብ ሰዓቱ ይረፉ። መገጣጠሚያው ካበጠና ካተኮሰ ግን መርፌው ይቅር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም እናቶችን አታስቸኩሉ። በመስከረም የተጀመረ ድሪቶ በግንቦት ቢያልቅ ምን ቸገረ? ክረምቱ የሚገባው በሰኔ ነው።