ገዢ የሚያነበው ከፎቶው ሥር ያለውን ነው

ሐረርም ድሬዳዋም ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ድረ ገጽ አለኝ፣ ፎቶዎቼም ይወደዳሉ፣ ግን የሚገዛ የለም፤ ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው። እኔ ሐረር፣ አቦከር ተቀምጬ የታተመ ፎቶም የመጠቀሚያ ፈቃድም የምሸጠው በድረ ገጽ ነው፤ የምነግራችሁም በየቀኑ የምሠራበትን ነው።

የአብዛኞቻችን ድረ ገጽ አልበም ነው። የገባው ሰው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ይወጣል። ገዢ ግን ከውበቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ይህ ምንድን ነው? የት፣ መቼ ተነሳ? ያሉበት ሰዎች ፈቅደዋል? በስንት ይሸጣል? በምን ወረቀት? እንዴት ይደርሰኛል? መልሱን እዚያው ካላገኘ ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ የድረ ገጻችሁን ቀለምና ዲዛይን ከመቀየራችሁ በፊት ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን አስተካክሉ።

ከተማችን ለዚህ ጥሩ ምስክር አላት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ሐረር ራሱን አንስቶ ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ላከ። አንዱ በሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ የተነሳቸው እንደሆኑ በደብዳቤው ገለጸ። ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ምስሎቹ እየነጡ እንደሄዱም ራሱ ጻፈ። ዛሬ እነዚያን የደበዘዙ ምስሎች ለይተን የምናውቃቸው በደብዳቤው ምክንያት ነው። ጽሑፉ ፎቶውን አድኖታል፤ መጥፎው እጥበት ግን ኅትመቱን ጎድቶታል። ሁለቱም የእኛ ጉዳይ ነው።

፩. ስምና አድራሻ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያላነበበ ፎቶ አንሺ ዛሬውኑ ያንብበው። አዋጁ ለፎቶግራፍ ጥበቃ የሚሰጠው ፎቶው የስብስብ አካል ሲሆን፣ ወይም በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ፊርማ ወይም አድራሻ ሲኖርበት ነው። ስም የሌለበት ነጠላ ፎቶ በየገጹ የሚበትን ሰው መብቱን ራሱ አሳልፎ እየሰጠ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስማችሁና የድረ ገጻችሁ አድራሻ በትናንሽ ፊደል፣ በጠርዙ ይጻፍ። መሃል ላይ የሚጋደም ትልቅ ዋተርማርክ ግን ገዢን ያባርራል። ቀጥሎ ፎቶዎቻችሁን በተከታታይ ሥራ መድቡ፦ «የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች»፣ «ሹዋሊድ»፣ «የጀጎል በሮች»። ይህ ለሕጉም ይጠቅማል፣ ለገበያም ይጠቅማል። ፎቶ አንሺዋ ኢየሩሳሌም ጅሬኛ የሐረርን ሴቶችና ባለቀለም ግድግዳዎች ያነሳችበት ሥራ በጋለሪ ደረጃ ሊታይ የቻለው አንድ ሐሳብ ያለው ተከታታይ ሥራ ስለሆነ ነው። ሰብሳቢም ሆነ የመጽሔት አዘጋጅ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

የተነሳበትን ቀንም አትርሱ። በአዋጁ የፎቶግራፍ ጥበቃ የሚቆየው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ነው። ለአብዛኛው ሌላ የጥበብ ሥራ ከሚሰጠው በጣም ያንሳል። ስለዚህ ቀኑን የሚያሳየው ጥሬ ፋይል ማስረጃችሁ ነው፤ በሁለት ቦታ አስቀምጡት።

፪. መግለጫ

«የሐረር ውበት» የሚል መግለጫ ለማንም አይሠራም፤ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ይህን ተመልከቱ፦

«አንዲት ሐረሪ እናት በጌ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) ውስጥ ተቀምጠው ሙዳይ ሲሰፉ፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ስፌቶች። ጀጎል፣ አርጎብ በሪ (ኤረር በር) አካባቢ፣ ሐረር። መጋቢት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025)። ባለምስሏ በጽሑፍ ፈቅደዋል።»

እዚህ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ልብ በሉ። የበሩ ስም በሐረሪም በአማርኛም አለ፤ ምክንያቱም ቶሮንቶ ወይም ሜልቦርን ያለ የሐረር ልጅ አያቱ በሚጠሩበት ስም ነው የሚፈልገው። አስማዲን በሪ ብሎ የሚፈልግ አለ፣ ሸዋ በር ብሎ የሚፈልግም አለ። ዓመቱም በሁለቱም አቆጣጠር ነው። «2017» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት የውጭ አዘጋጅ ከእውነተኛ ዕድሜው በስምንት ዓመት ያረጀ ፎቶ መስሎት ያልፈዋል። ይህንኑ መግለጫ በእንግሊዝኛም ከሥሩ ድገሙት፤ ቢቻል በፈረንሳይኛም፣ ምክንያቱም በራምቦ ምክንያት ሐረርን የሚፈልግ ፈረንሳዊ ብዙ ነው።

፫. የባለምስሉ ፈቃድ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የሰው ክብር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ በአደባባይ የተደረገ ክንውን ወይም በዓል ከእነዚህ አንዱ ነው። በሹዋሊድ በዓል የወጣውን ሕዝብ በአጠቃላይ ማንሳትና የአንዲትን እናት ፊት በቤታቸው አንስቶ ለግድግዳ ኅትመት መሸጥ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ቅጽ ይኑራችሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የባለምስሉ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ «ፎቶዬ ለኅትመት ሽያጭ / ለመጽሔትና ለመጽሐፍ / ለማስታወቂያ እንዲውል ፈቅጃለሁ» የሚል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ምልክት የሚደረግበት። ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይሁን፤ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ምስክር ባለበት አንብቡላቸው። ማስታወቂያው ላይ «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው፤ በድረ ገጹም «ለማስታወቂያ አይሸጥም» ብላችሁ ጻፉ። ከሽያጩ ምን እንደሚያገኙም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቢያንስ አንድ የታተመ ፎቶ ለቤታቸው ውሰዱላቸው።

፬. ፋይሉ

በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሒሳብ ሲታተም 50.8 በ33.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ኤ3 ወረቀትን በደንብ ይሸፍናል። ይህን ፋይል ድረ ገጽ ላይ አትጫኑ። ለእይታ የሚሆነውን ረጅሙን ጎን 1600 ፒክስል አድርጉት። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በዚያው ጥራት ላትመው የሚል ሰው ግን ከ13.5 ሳንቲ ሜትር በላይ አያገኝበትም። ገጹም በስልክ ዳታ ቶሎ ይከፈታል።

ቀጥሎ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠውን መረጃ ሙሉ። ላይትሩምም ሌሎች ፕሮግራሞችም አይፒቲሲ የሚባል የመረጃ ሰሌዳ አላቸው፦ የአንሺው ስም፣ መግለጫ፣ የመብት ማስታወሻ፣ የፈቃድ ገጽ አድራሻ። ጉግል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ መረጃ ያላቸውን ፎቶዎች በምስል ፍለጋው ላይ ፈቃድ የሚገዛባቸው መሆናቸውን በምልክት ያሳያል፤ ፈቃዱ ወደሚገኝበት ገጽም ያገናኛል። ለማስታወቂያ ሳትከፍሉ ገዢ በራችሁ ድረስ ይመጣል ማለት ነው።

ለገዢ ፋይል ስትልኩም ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ይጨመቃል። «ፋይል» በሚለው በኩል ስትልኩት እንዳለ ይደርሳል።

፭. የፈቃድ ገጽ

ፈቃድ መሸጥ ፎቶውን መሸጥ አይደለም፤ ለተወሰነ አገልግሎት፣ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ነው። ይህን ብዙ የአገር ውስጥ ደንበኞችም አያውቁትም፤ «አንዴ ከፍያለሁ፣ የኔ ነው» ይላሉ። ድረ ገጹ ላይ በግልጽ ከተጻፈ ጭቅጭቁ ይቀራል። እኔ ከደረሰኝ ጋር የማያይዘው እንዲህ ያለ ነው፦

«በአንድ የመጽሔት እትም፣ እስከ ግማሽ ገጽ፣ በኅትመትና በዚያው መጽሔት ድረ ገጽ፣ ለ1 ዓመት። ለሌላ ወገን አይተላለፍም። የፎቶ አንሺው ስም ከፎቶው አጠገብ ይጻፋል።»

አገልግሎቱ፣ መጠኑ፣ ጊዜው፣ ቦታው፣ ስም አጠቃቀሙ፤ አምስቱም ይኑሩ። ለዘገባና ለትምህርት የሚሆነውን ከማስታወቂያው ለይታችሁ ዋጋ ስጡ፤ የማስታወቂያው ይበልጣል። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚለውን አጥፉት። መነሻ ዋጋ እንኳ ቢሆን ይጻፍ።

፮. የኅትመት ገጽ

ራምቦን የጎዳው ውሃ የኛ ዘመን መልኩ ርካሽ ቀለምና ወረቀት ነው። ተራው የዳይ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይለቃል፤ የፒግመንት ቀለም ከአሲድ ነጻ በሆነ የጥጥ ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ዘመን ይሻገራል። ልዩነቱን ገዢ በስክሪን አያየውም፤ ጻፉለት። የወረቀቱን ዓይነት፣ መጠኑን በሳንቲ ሜትር፣ ፍሬም እንዳለውና እንደሌለው፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያሳይ አንድ ፎቶም ጨምሩ፤ 50 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ዓይን ይፈርዳል።

በቁጥር የተወሰነ ኅትመት የምትሸጡ ከሆነ «3/15» ብላችሁ ፈርሙበት፤ መዝገብም ያዙ። 15 ካላችሁ 16ኛው አይኖርም። ቃላችሁ ከታጠፈ ያለፉት 15 ገዢዎች ሁሉ ተታለዋል።

ጀጎልን የሚጎበኝ እንግዳ ትልቅ ኅትመት ተሸክሞ መዞር አይፈልግም። በሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ካሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ጋር ተነጋግራችሁ የኪውአር ኮድ ያለበት ፖስት ካርድ አስቀምጡ። ያየውን በር፣ የጠጣውን ቡና፣ አገሩ ሲገባ ያዝዛል። በጠንካራ ካርቶን ቱቦ ጠቅልላችሁ በፖስታ ትልካላችሁ።

፯. ክፍያ

ለአገር ውስጥ ደንበኛ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ይበቃል፤ ቻፓን የመሰለ የክፍያ መተላለፊያ ከድረ ገጹ ጋር ማገናኘትም ይቻላል። ለውጭ ደንበኛ ነገሩ ይከብዳል፤ ስትራይፕ የኢትዮጵያን ነጋዴ አይመዘግብም። ለፈቃድ ሽያጭ ደረሰኝ ልኮ በባንክ መቀበል የተለመደው መንገድ ነው፤ የመጽሔት ቤቶችም ለምደውታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ለአገር ውስጥ በብር፣ ለውጭ በዶላር ለየብቻ ዋጋ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሹዋሊድ ደግሞ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ገብቷል። የሐረርን ፎቶ የሚፈልግ ሞልቷል። ለሳምንት መጥቶ የሚሄደው አንሺ ካሜራው ከእኛ ሊሻል ይችላል። የእናትየውን ስም ግን አያውቅም፣ የበሩን ሁለት ስም አያውቅም፣ ቅጽ ይዞ ተመልሶ በራቸውን አያንኳኳም። እኛ እንችላለን። ከማንም የምንበልጠው ከፎቶው ሥር በምንጽፈው ነው።

ከምትወዱት አንድ ተከታታይ ሥራ ጀምሩ፤ እሱን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። የባለምስሉን የፈቃድ ቅጽ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ነገ እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ። ወስዳችሁ እንደሚመቻችሁ ተጠቀሙበት።