ያውቁ ኖሯል? «የሲዝ በቀል» እና ከኮምፒውተሩ በስተጀርባ ያሉት ሰዎች

አናኪን ስካይዎከር ዳርዝ ቬደር እንደሚሆን ዓለም የሰማው እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ» ነው። ውድቀቱን የሚያሳየው የስታር ዋርስ ሦስተኛ ክፍል፣ «የሲዝ በቀል»፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2005፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ተመልካቹ መጨረሻውን ካወቀ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ወጣቱ ይከዳል፣ መምህሩ ኦቢ-ዋን ይሰደዳል፣ ሚስቱ ፓድሜም አትተርፍም። ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ትኬት ለመቁረጥ የተሰለፈው።

ያውቁ ኖሯል? ፊልሙ በአሜሪካ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 50 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። በዚያን ጊዜ በአንድ ቀን ይህን ያህል ያስገባ ፊልም አልነበረም። የተሠራበት ወጪ 113 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ በ380 ሚሊዮን ዶላር ገቢ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በዓለም ደረጃ የበለጠው አራተኛው የ«ሃሪ ፖተር» ፊልም ብቻ ነበር።

በካን ፌስቲቫል የታየው ሜይ 15 ቀን ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱት ግንቦት 7 ቀን 1997 ይሆናል፤ እዚህ ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ ለምርጫ የተሰለፈበት ዕለት። በዚያው ሰሞን የፊልሙ ጸሐፊና ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ በካን ለጋዜጠኞች የታሪኩ መነሻ የቬትናም ጦርነትና የኒክሰን ዘመን መሆኑን፣ ሲጽፈውም ዴሞክራሲ እንዴት ወደ አምባገነንነት እንደሚለወጥ ራሱን ይጠይቅ እንደነበር አስረዳ። በፊልሙ ውስጥ ሪፐብሊኩ የሚሞተው በመፈንቅለ መንግሥት አይደለም። በምክር ቤት፣ በጭብጨባ መካከል ነው።

ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጠው። የኒው ዮርክ ታይምሱ ኤ. ኦ. ስኮት ደግሞ ከ1977ቱ ከመጀመሪያው ፊልም ይበልጣል እስከማለት ደረሰ። ከታሪኩ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍሎች ይህኛው የላቀ ስለመሆኑ እኔም ጥርጥር የለኝም። የማልስማማው ያኔም ሆነ ዛሬ ከሚደጋገም አንድ ወቀሳ ጋር ነው፤ ፊልሙን የሠራው ኮምፒውተር ነው፣ ሰው የለበትም የሚለው። ፊልሙን በቅርብ ያየ ሰው ልብ የሚነካው ነገር ሁሉ ከሰው አካል፣ ከሰው እጅና ከሰው ጉሮሮ የወጣ መሆኑን ያስተውላል።

እርግጥ ወቀሳው ምክንያት አለው። ተዋንያኑ ለዚህ ፊልም ከሞላ ጎደል ከስቱዲዮ ውጭ አልተቀረጹም። ዋናው ቀረጻ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2003 አውስትራሊያ፣ ሲድኒ በነበረው ፎክስ ስቱዲዮ ነው፤ አብዛኛው በሰማያዊና በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት። በኮምፒውተር የታገዙት ምስሎች ከ2,000 በላይ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት፣ ከአንድ ሰው የተባዙት ክሎን ወታደሮች በሙሉ በኮምፒውተር የተፈጠሩ ናቸው፤ አንድም የወታደር ጥሩር በእጅ አልተሠራም። ራስ ቁራቸውን ሲያወልቁ የምናየው ግን የኒው ዚላንዳዊውን ተዋናይ የተሙዌራ ሞሪሰንን እውነተኛ ፊት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከተዋንያኑ ጀርባ የሚታዩት ተራሮች ብዙዎቹ በምድር ላይ ያሉ ናቸው። የቹባካ አገር የካሺክ ገደላ ገደሎች የቻይናው ጉዊሊንና የታይላንድ የኖራ ድንጋይ ተራሮች ናቸው። በመጨረሻ ለአፍታ የምናያት አልዴራን ደግሞ የስዊዘርላንዷ ግሪንደልቫልድ ናት።

ሙስታፋር የተባለችው የእሳት ፕላኔትስ? በዚያ ሰሞን ጣሊያን ውስጥ የኤትና ተራራ ፈንድቶ ነበርና ካሜራ ተላከ። ከአናኪንና ከኦቢ-ዋን በስተጀርባ ወደ ሰማይ ከሚተፋው እሳት ከፊሉ እውነተኛ የኤትና ፍንዳታ ነው። የሚፈሰው ቅልጥ ዓለት ደግሞ በትንሽ መጠን ከተሠራ ትልቅ የመሬት ሞዴል የመጣ ነው። ሞዴሉ ዘንበል ተደርጎ ሜቲልሴሉሎስ የሚባል፣ በምግብ ፋብሪካም ለማወፈሪያ የሚያገለግል ንጥረ ነገር እንደ አጥሚት ወፍሮ ይለቀቅበታል። ከሥሩ በመብራት ስለሚበራ የጋለ ይመስላል። ያ ሁሉ ሲኦል ቢነኩት የማያቃጥል ፈሳሽ ነበር።

በዚያ ሲኦል ላይ የሚካሄደውን ፍልሚያ ሉካስ ለዓመታት በሆዱ ይዞት ኖሯል። ቬደር ከኦቢ-ዋን ጋር ሲዋጋ እሳተ ገሞራ ውስጥ መውደቁን በ1977 በሰጠው ቃለ መጠይቅ ላይ ተናግሮ ነበር። ትዕይንቱን በኮምፒውተር ንድፍ አስቀድሞ ሲያዘጋጅ ወዳጁ ስቲቨን ስፒልበርግም ሐሳብ በማዋጣት አግዞታል። ሰይፉን ያሰለጠነው ኒክ ጊላርድ ነው። ኢዋን ማክግሪገርና ሄይደን ክሪስተንሰን ምት በምት በቃላቸው እስኪይዙት ለረጅም ጊዜ ተለማመዱ፤ ክሪስተንሰን ጡንቻ ለማውጣት በቀን ስድስት ጊዜ ይበላ ነበር። በፊልሙ ላይ የምናየው ፍጥነት በማሽን የተጨመረ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች በእርግጥም ያን ያህል ፈጥነው ነበር።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከፊልሙ ሁሉ የማልጠግበው ይህን ነው። ገና በአዳራሹ ውስጥ ሳሉ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ሰይፍ ሳይነካ፣ ሰይፎቻቸውን በየፊናቸው የሚያሽከረክሩባት ቅጽበት አለች። ለጌጥ የገባች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ግን የሁለቱን ታሪክ ትናገራለች። አንዱ ያስተማረ፣ ሌላው የተማረ ነው። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ክፍተት ሌላው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ወዲያው መዳፋቸውን ዘርግተው በኃይል ይገፋፋሉ፤ ለጥቂት ጊዜ እኩል ይጸናሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ኋላ ይወረወራሉ። አስተማሪና ተማሪ እኩል መሆናቸውን አንድ ቃል ሳይነገር አየን። በኋላ በእሳቱ ወንዝ ላይ እየተንሳፈፉ የሚዋጉበት ክፍል ረዝሟል፤ ቢያጥር ይሻል ነበር። ኦቢ-ዋን ከዳገቱ ላይ ቆሞ እጅና እግሩን ያጣውን ተማሪውን እያየ ሲጮኽ ግን ማክግሪገር ድምፁ ይሰነጠቃል። ያን የሚያደርግ ኮምፒውተር አልነበረም።

ያውቁ ኖሯል? አራት ሰይፍ የሚይዘው የብረቱ ጄኔራል ግሪቨስ ድምፅ የፊልሙ የድምፅ ኤዲተር የማቲው ዉድ ነው። ሉካስ የድርጅቱን ባልደረባ በማወቅ እንዳያዳላ ለድምፅ ፈተናው ሲቀርብ ስሙን ደብቆ ነበር። የግሪቨስ ሳልስ? ሉካስ በዚያ ሰሞን ብሮንካይተስ ይዞት ያስል ነበርና የእሱ ሳል ተቀርጾ ገባ። ሙሉ በሙሉ ከኮምፒውተር የተወለደው ገጸ ባሕርይ የታመመ ሰው ደረት ተሰጠው ማለት ነው።

አሁን ወደ ኢያን ማክዳርሚድ። ይህ ስኮትላንዳዊ ተዋናይ ንጉሠ ነገሥቱን ፓልፓቲንን መጀመሪያ የተጫወተው በ1983 በወጣው «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ነው። ያኔ አርባ ዓመት እንኳን ሳይሞላው በሜካፕ ሽማግሌ አደረጉት። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚህ ፊልም፣ ወደ ስልሳ ሲጠጋ፣ የዚያኑ ሰው ጎልማሳነት ተጫወተ። በ1980ው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱን ሌሎች ሰዎች ስለተጫወቱት ማክዳርሚድ በ2004 በወጣው ዲቪዲ ላይ እንዲተካ ተደርጓል፤ ያ ምስል የተቀረጸው በዚሁ ፊልም ሥራ ወቅት ነው።

የእሱ የኦፔራ ቤት ትዕይንት የፊልሙ ምሰሶ ነው። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ፣ ሌሎችን ከሞት ማዳን ስለቻለ አንድ ጥንታዊ ጌታ ታሪክ ያወራል፤ ሌላው ያዳምጣል። ሰይፍ የለ፣ ሩጫ የለ። ማክዳርሚድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላቱን እያጣጣመ፣ ዓይኑን ከጎን ወደ ወጣቱ ጣል እያደረገ ይናገራል። አናኪን የወደቀው እዚያች ወንበር ላይ ነው፤ የቀረው ሁሉ ውጤቱ ነው። ከሎጁ ውጭ ፊቱ ሰማያዊ የሆነ አንድ ጢማም እንግዳ ቆሞ ያያሉ። እሱ ራሱ ጆርጅ ሉካስ ነው። ልጆቹም በፊልሙ ውስጥ አሉ፤ የሪፐብሊኩ ጠባቂ በሆኑት በጄዳዮች ቤተ መቅደስ ደጃፍ ከወታደሮቹ ጋር ሲዋጋ የሚሞተው ታዳጊ የገዛ ልጁ ነው።

አናኪን ለምን እንደከዳ ግልጽ የሆነው በኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ሉካስ የተቀረጸውን ካየ በኋላ ምክንያቱ ወደ አንድ ነጥብ እንዲጠጋ ወሰነ፤ ፓድሜን በሞት ማጣት መፍራት። በ2004 እንግሊዝ ውስጥ በሼፐርተን ስቱዲዮ ተጨማሪ ቀረጻ ተደረገ። ውሳኔው ፊልሙን አዳነው። ሥልጣን የጠማው ሰው ሲወድቅ ማየትና የሚወዳትን ለማትረፍ ብሎ ራሱ የሚገድላት ሰው ማየት አንድ አይደለም።

ንግግሮቹ ግን ደካማ ናቸው፤ በተለይ የባልና የሚስቱ። ለዚህም ነው ፊልሙ ዝም ሲል የሚያምረው። ፀሐይ ስትጠልቅ አናኪን ከጄዳይ ሸንጎ ክፍል፣ ፓድሜ ከቤቷ መስኮት፣ በመካከላቸው ከተማ ተዘርግቶ፣ አንዱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ያያል። ሁለቱም አንድ ቃል አይናገሩም። የጆን ዊልያምስ ሙዚቃና የአንዲት ሴት እንጉርጉሮ ብቻ። ዊልያምስ ሙዚቃውን ያስቀረጸው ለንደን፣ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ፣ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ጄዳዮች በየፕላኔቱ በገዛ ወታደሮቻቸው በሚገደሉበት ትዕይንትም የተኩሱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሙዚቃው ሐዘኑን ይመራል።

ፈጠን ፈጠን እንበል።

በመግቢያው ፍልሚያ ላይ የካውንት ዱኩ ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ 81 ዓመቱ ነበር፤ ከባዱን የሰይፍ ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶ የሊ ፊት በኮምፒውተር ተለጥፎበታል።

በኋላ የሃን ሶሎ የምትሆነው መርከብ፣ ሚሊኒየም ፋልከን፣ በሪፐብሊኩ መዲና በኮረስካንት ወደብ ላይ ስታርፍ ለአፍታ ትታያለች፤ ታዲያ ዓይንን ማፍጠን ይጠይቃል።

የአሥር ዓመቱ ሃን ሶሎ በካሺክ እንዲታይ ታስቦ ሥዕሉ ተሠርቶ ነበር፤ ቀረ። መቅረቱም መልካም ነው።

የአናኪንና የፓድሜን መንትዮች ሉክንና ሊያን ሆኖ የተቀረጸው አንድ ሕፃን ነው፤ የፊልሙ ኤዲተር ልጅ።

ከስታር ዋርስ ፊልሞች ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚል ደረጃ የተሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው።

የቬደርን ጥቁር ልብስ ለመልበስ የጠየቀው ክሪስተንሰን ራሱ ነው። በ1977 የተለበሰው ለእሱ ስለማይሆን አዲስ ተሠራለት። ጭንብሉ ሲገጠምና የመጀመሪያው ትንፋሽ ሲሰማ ከውስጥ ያለው እሱ ነው። ድምፁ ግን የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ ስሙ በፊልሙ ማብቂያ ላይ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ጩኸት ባይኖር እመርጥ ነበር። ትንፋሹ ብቻውን ይበቃል።

ለኦስካር በአንድ ዘርፍ ብቻ ታጨ፤ በሜካፕ። እሱንም የ«ናርኒያ» ፊልም ወሰደው። ኮምፒውተር ብቻ ነው የተባለው ይህ ፊልም በቪዥዋል ኢፌክት ሳይታጭ የቀረ የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ነው! ክሪስተንሰን ደግሞ ለመጥፎ ትወና የሚሰጠውን የራዚ ሽልማት ተሸከመ። ፍርዱ ተገቢ አልነበረም፤ በዓይኑ የሠራውን የጽሑፉ ድክመት ሸፈነው። በ2022 በ«ኦቢ-ዋን ኬኖቢ» ተከታታይ ድራማ ከማክግሪገር ጋር ሲመለስ በዚህ ፊልም ያደጉ ልጆች በፍቅር ተቀበሉት። በ2025፣ በሃያኛ ዓመቱ፣ ፊልሙ እንደገና ሲኒማ ቤት ገብቶ በአሜሪካ በአንድ ቅዳሜና እሁድ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

በፊልሙ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ፓድሜ ናት። በመጀመሪያው ክፍል ንግሥት፣ በሁለተኛው ደፋር ሴናተር የነበረች ሴት እዚህ መስኮት ላይ ቆማ ባሏን ትጠብቃለች። ያውቁ ኖሯል? እንዲህ እንድትሆን ያደረጋት መቀሱ ነው። ናታሊ ፖርትማን ከሴናተሮች ጋር ተሰብስባ ፓልፓቲንን ስለመቃወም የምትመክርባቸው ትዕይንቶች ተቀርጸው ነበር፤ የአመፁ መወለጃ ማለት ናቸው። ተቆረጡ። በእነዚያ ስብሰባዎች ሴናተር ሞን ሞዝማን ሆና የተቀረጸችው ጄኔቪቭ ኦራይሊም አብራ ተቆረጠች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ግን በ«ሮግ ዋን» ያንኑ ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት ተጠራች፤ ከ2022 እስከ 2025 በታየው «አንዶር» ደግሞ ከዋነኞቹ አንዷ ሆነች። «አንዶር»ን የወደደ ሰው እነዚያን የተቆረጡ ትዕይንቶች በዲቪዲው ላይ ፈልጎ ይያቸው። ፓድሜ ምን እንደተወሰደባት እዚያው ያገኘዋል።