የማቀዝቀዣ ሙቀት ጠቋሚ ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር እውነትነት በሸንጎና በሽምግልና ብቻ ሳይሆን፣ በቤታችን በምንገለገልባቸው ዕቃዎችም ላይ ይታያል። አንድ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም በተለምዶ «ፍሪጅ» የምንለው ዕቃ፣ ሥራውን ሲያጓድል ብዙ ሰው ሥሩን ሳይመረምር «ጋዙ አልቋል» ወይም «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ የችኮላ ፍርድ ምክንያት ጤነኛው ክፍል ይለወጣል፤ ገንዘብ ይባክናል፤ ማቀዝቀዣው ግን ከነብልሽቱ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው የጣት ጫፍ በምታህል አንዲት ትንሽ ክፍል ላይ ነው። ይህችም ክፍል የሙቀት ጠቋሚ፣ በሠራተኞች አነጋገር «ሴንሰር» የምትባለው ናት።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ምግብ ሳይበላሽ እንዲቆይ የማቀዝቀዣው የውስጥ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ የበረዶ ቤቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን ይኖርበታል። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ገና ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ ሲሞቅ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ ደግሞ ተመልሶ ቢቀልጥም እንኳ ሊወጉት አይገባም። ስለሆነም ማቀዝቀዣ ከመጠን በላይ ማቀዝቀዙ፣ አለማቀዝቀዙን ያህል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የብልሽትን ምክንያት ለማወቅ አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየወሰደ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው በቱቦዎች ውስጥ የሚዘዋወር ጋዝ ሲሆን፣ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዘዋውረው ኮምፕረሰር ነው። ነገር ግን ኮምፕረሰሩ መቼ መሥራት፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት ራሱ አያውቅም። በቀድሞዎቹ ማቀዝቀዣዎች ይህን የሚወስነው ቴርሞስታት ነበር። ዛሬ በሚሠሩት በብዙዎቹ ግን ትእዛዝ የሚሰጠው «ቦርድ» የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ቦርዱም የውስጡን ሁኔታ የሚያውቀው ሴንሰሩ በሚነግረው ብቻ ነው። እንግዲህ ቦርዱን እንደ ዳኛ፣ ሴንሰሩን እንደ ምስክር አድርጋችሁ ቁጠሩ። ምስክር ከዋሸ ዳኛ ይሳሳታል፤ ዳኛ ሲሳሳት ደግሞ ቅጣቱ በኮምፕረሰሩና በምግቡ ላይ ያርፋል።

ምስክሩ የሚናገረው በምን ቋንቋ ነው? በኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ ማለትም ኮረንቲን በመግታት መጠን ነው። የዚህ መለኪያው «ኦም» ይባላል። የብረት ሽቦ ሲሞቅ ተቃውሞው ይጨምራል። በማቀዝቀዣ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቴርሚስተር የተባለው ሴንሰር ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ጠባይ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. የብርና የድኝ ውሁድ በሆነ ነገር ላይ ተመልክቶት ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም የሚያሳይ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ12 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ፣ በዜሮ ዲግሪ ደግሞ 30 ሺህ ገደማ ያሳያል።

ከዚህ በመነሣት የሴንሰር ሐሰት ሁለት ዐይነት መሆኑን እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ቀዝቅዞ ሳለ «ሞቋል» የማለት ሐሰት ነው። ተቃውሞው ከሚገባው በታች በመውረዱ ቦርዱ ኮምፕረሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ጎመኑ ይደርቃል፤ ወተቱ በረዶ ይሆናል፤ የመብራት ሒሳብም ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ሞቆ ሳለ «ቀዝቅዟል» የማለት ሐሰት ነው። ተቃውሞው ከሚገባው በላይ ሲወጣ ቦርዱ ኮምፕረሰሩን ያሳርፈዋል፤ ምግቡም ይበላሻል። ሽቦው ፈጽሞ ሲበጠስ ወይም ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ አንዳንድ ቦርዶች ችግሩን ተረድተው የስሕተት ምልክት ያሳያሉ። በጥቂቱ ብቻ የሚዋሸውን ሴንሰር ግን ቦርዱ እንደ እውነተኛ ስለሚቀበለው፣ ምልክት አልታየም ማለት ሴንሰሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ሆኖም እነዚህ ምልክቶች በሌላም ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ የሚታየው ከውጭ ያለው ነገር ነው። ኤሌክትሪክ በትክክል ይደርሳልን? የቅዝቃዜው ማስተካከያ በማን እጅ ተነክቷል? ትኩስ ድስት ገብቶበታልን? በጀርባው ያለው ቱቦ በአቧራ ተሸፍኗልን? የበሩ ጎማ በደንብ ይገጥማልን? ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ አንድ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት። ያለ ምንም ችግር ሾልኮ ከወጣ፣ በዚያ በኩል ሞቃት አየር ይገባል ማለት ነው።

ቀጥሎ እውነተኛው ሙቀት ይለካል። አንድ ብርጭቆ ውሃ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ቴርሞሜትር ክተቱበት፤ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት በሩን እንደ ከፈታችሁ አንብቡት። በብርጭቆ ውሃ የምንለካው፣ አየሩ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውና ማቀዝቀዣው በመስኮቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር በብዙ ከተራራቁ በምስክሩ ላይ ጥርጣሬ ይነሣል።

በሦስተኛ ደረጃ ምስክሩ ራሱ ይፈተናል። ይህን የሚያከናውነው በሙያው የሠለጠነ ሰው መሆን አለበት። ባለሙያው አስቀድሞ ማቀዝቀዣውን ከሶኬቱ ይነቅላል፤ ምክንያቱም በአገራችን ቤቶች የሚገባው 220 ቮልት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ከዚያም ሴንሰሩን ከቦርዱ ጋር ከሚያገናኘው ማያያዣ ለይቶ፣ «ቴስተር» በተባለው መለኪያ ተቃውሞውን ያነባል። መለኪያው ፈጽሞ ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ጫፎቹ ተነካክተዋል፤ ሽቦው ሲነቃነቅ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ችግሩ በሽቦው ወይም በማያያዣው ላይ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከእነዚህ ከሦስቱ ወገን ካልሆነ የበረዶ ውሃ ፈተና ይከተላል። ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ ተሞልቶ ጥቂት ውሃ ይጨመርበትና ይማሰላል። ሴንሰሩ ውሃ እንዳይገባበት በቀጭን ላስቲክ ተጠቅልሎ በመካከሉ ይደረግና ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ይጠበቃል። እዚህ ላይ «ስለ ምን በፈላ ውሃ አይፈተንም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ከባሕር ወለል አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የበረዶ መቅለጫ ግን በከፍታ የሚለወጠው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ስለሆነም በአፋር ቆላም ሆነ በደብረ ብርሃን ደጋ፣ የበረዶ ውሃ ዜሮ ዲግሪ መሆኑን ተማምኖ መፈተን ይቻላል።

ከላይ የጠቀስነው ሴንሰር በበረዶ ውሃ ውስጥ 30 ሺህ ገደማ በማሳየት ፈንታ 18 ሺህ ኦም አሳየ እንበል። ይህ ቁጥር ከ10 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ምስክርነት ነው። ስለዚህ ቦርዱ 4 ዲግሪ እስኪነገረው ድረስ ኮምፕረሰሩን ሲያሠራ ምግቡ ሁሉ በረዶ ይሆናል። የሴንሰር ቁጥር ከዕቃ ወደ ዕቃ ስለሚለያይ ግን ፍርዱ የሚሰጠው ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ነው።

ሴንሰሩ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ወደ ቦርዱ፣ ወደ ኮምፕረሰሩና ወደ ጋዙ ይሻገራል። ጋዙ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ስለሚዘዋወር እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። በተጨማሪም በብዙ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ጋዝ በእሳት የሚቀጣጠል ስለሆነ ቱቦውን መብሳት እጅግ አደገኛ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ሁላችሁም የማቀዝቀዣ ሠራተኞች ባትሆኑም ይህን ማወቃችሁ ይጠቅማችኋል። «ጋዙ አልቋል» ለሚላችሁ ሰው «የት ነው የሚያፈሰው?»፣ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ለሚላችሁም «ስንት ኦም አሳየ?» ብላችሁ በትሕትና ለመጠየቅ ያበቃችኋል። ምስክር ሳይፈተን ፍርድ አይሰጥም፤ ሳይለኩም ዕቃ አይለወጥም።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ቦርዱ በዳኛ፣ ሴንሰሩ በምስክር የተመሰሉት ለምንድን ነው?
2. የምርመራውን ቅደም ተከተል የሚያመለክቱትን ቃላትና ሐረጎች ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ።
3. «ስለሆነም»፣ «ሆኖም» እና «ምክንያቱም» የተባሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
4. በቤታችሁ የሚገኝ አንድ ሌላ ዕቃ ቢበላሽ ምክንያቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንዴት እንደሚመረመር በሦስት አንቀጽ አስረዱ።