«ብላክ ክሪስማስ»፦ ሊታይ የሚገባው የገና አስፈሪ ፊልም?

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ፦ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በፈረንጆች ገናም በራቸውን አይዘጉም። በዚህች ከተማ ታክሲ የሚነዱ፣ በሆቴልና በካዚኖ የሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን ዕለቱን የሚያሳልፉት በሥራ ላይ ነው። የእኛ በዓል ገና 13 ቀን ይቀረዋል፤ ጾመ ነቢያትም አልተፈታም። ልጆች ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ይውላሉ፤ የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያም በእነሱ እጅ ነው። በዚህ ሰሞን ከሚቀርቡላቸው ፊልሞች መካከል ገናን ከደም ጋር ያጣመሩ አይጠፉም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ወላጅ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም ሁሉም በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ስላልሆኑ፣ ከዘርፉ አንጋፋዎች አንዱ የሆነውን «ብላክ ክሪስማስ»ን ለውድ አንባብያን ልናስተዋውቅ ወደድን።

ፊልሙ በቦብ ክላርክ ዳይሬክተርነት በካናዳ፣ ቶሮንቶ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1974 ለእይታ የበቃ ነው። ወጪው ከ700 ሺህ የካናዳ ዶላር በታች ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በጋራ የሚኖሩበት ቤት አለ። ልጃገረዶቹ ለገና ዕረፍት ወደየቤተሰባቸው ሊበተኑ ሲሰናዱ፣ አንድ ሰው ከጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል በመስኮት ሾልኮ ይገባል። ስልኩ በተደጋጋሚ ይጮኻል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው ነውረኛ ቃልና የዕብድ ጩኸት ነው።

ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ጄስን የተጫወተችው ኦሊቪያ ሃሲ ናት። ስሟን የማያውቅ እንኳ ፊቷን ያስታውስ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በቀረበው «ጂሰስ ኦቭ ናዝሬት» ላይ እመቤታችን ማርያምን ሆና የተወነችው እሷ ነበረች። ተዋናይዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች።

ገንዘብ ማነሱ ፊልሙን ሲጎዳው አናይም። የገዳዩ ፊት አይታይም፤ ተመልካቹ በእሱ ዓይን እንዲያይ ተደርጓል። ለዚህም ሲባል የካሜራ ባለሙያው ካሜራውን ትከሻው ላይ አስሮ የቤቱን ግድግዳ ወጥቷል። የሚያስበረግገው ሙዚቃም የተገኘው በፒያኖ ክሮች ላይ ሹካ፣ ማበጠሪያና ቢላዋ በማሰር ነው። ደሙ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈራው ዝምታውና የስልኩ ጥሪ ነው።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አባት ልጁን ለገና ሊወስድ ይመጣል፤ በቀጠሮው ሰዓት ግን አትገኝም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት፣ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር ትሆናለች በሚል ጉዳዩ ይናቃል። ልጃገረዶቹም ስለ ስልኩ አቤት ሲሉ የሚሰማቸው አያገኙም። ልጁን ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ይህን ሲያይ ሆዱ መባባቱ አይቀርም። የፊልሙ ፍርሃት ከጭራቅ የመጣ አይደለም፤ የሴት ልጅ አቤቱታ ሰሚ ካጣበት ቦታ የመጣ ነው።

ነገሩ ከእውነት የራቀ አለመሆኑ በኋላ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 1978 በፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ተማሪዎች በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ግድያ በመፈጸሙ፣ ኤንቢሲ ይህንኑ ፊልም ሊያሳይ በነበረበት ጊዜ በፍሎሪዳና በአጎራባች ግዛቶች ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች በምትኩ ሌላ ፊልም እንዲያሳዩ ምርጫ ሰጥቶ ነበር።

በአንጻሩ የዘርፉ ሌሎች ፊልሞች ብዙ የሚያነጋግሩ ናቸው። «ሳይለንት ናይት፣ ዴድሊ ናይት» እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ፣ የገና አባትን ልብስ የለበሰ ነፍሰ ገዳይ በማሳየቱ ወላጆች ሰልፍ ወጥተውበት አከፋፋዩ ከሲኒማ ቤቶች አንስቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ቴሪፋየር 3» ደግሞ በ2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ነገር ግን ሕፃናትን እንኳ የማይምር ጭካኔው ከመጠን ያለፈ በመሆኑ፣ በፈረንሳይ ከ18 ዓመት በታች ያሉ እንዳያዩት ታግዷል። ይህን ለማንም አንመክርም።

ታዲያ «ብላክ ክሪስማስ» ይታይ? ለአዋቂ፣ አዎን። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎትም አላረጀም። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2019 በአዲስ መልክ ተሠርቷል፤ እኛ ግን የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ለልጆች ግን አይሆንም፤ የስልኩ ስድብ ጆሮ የሚያቆሽሽ ነው፤ ጄስ ጽንስ ለማቋረጥ መወሰኗም ከአዋቂ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ወላጆች ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የልጆቹን ቴሌቪዥን በይለፍ ቃል ብትቆልፉት መልካም ነው። ፊልሙን የምታዩት ደግሞ ከሥራ መልስ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን።