ከሰሌዳው እስከ መዘዞ፦ የሌክቸር ማስታወሻ በላቴክ

መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ሲያጠፉ፣ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ገና ሁለተኛውን ቀመር በመገልበጥ ላይ ነው። አንዲት የመቀነስ ምልክት ከተዘለለች ደግሞ ደብተሩን የተዋሱት ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳሉ።

ላቴክ ይህን ችግር ለማቃለል የሚረዳ፣ በነፃ የሚገኝ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነው። መሠረቱ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ያበረከቱት ቴክ ነው፤ ቀመሩ በትእዛዝ ይጻፋል፣ ቅርጹን ሶፍትዌሩ ያስተካክላል። ትእዛዙ ረጅም በመሆኑ ግን ከመምህሩ እኩል መጻፍ የማይቻል ይመስላል። ቤልጅየማዊው የሒሳብ ተማሪ ጂል ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2019 ዘዴውን አሳየ፦ እዝባር ሁለት ጊዜ ሲመታ የክፍልፋዩ ትእዛዝ በሙሉ በራሱ ይጻፋል። ማስታወሻዎቹንም ለሁሉም በነፃ ሰጠ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢያርፍም ማስታወሻዎቹ ዛሬም ይነበባሉ።

የእኛ ፊደልም አልተረሳም። ብርሃኑ በየነና ባልደረቦቹ ለአማርኛ «ኢትዮፕ» የተባለ የላቴክ ጥቅል አዘጋጅተዋል፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ የመጣው ዚላቴክ ደግሞ በቀጥታ ያነበዋል።

ትልቁ ቁም ነገር ማካፈሉ ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ መዘዞ የሚመለስ ተማሪ ፋይሉን በፍላሽ ቢይዝ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ታናናሾቹ ያነቡታል። ምንጭ ፋይሉን አብሮ ከሰጠ ደግሞ፣ ስሕተት ያገኘ ሁሉ ያርመዋል።

አንድ ኮምፒዩተር ለሦስት ተማሪዎች ይበቃል፦ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሥዕሎቹን በወረቀት ያነሣል፣ አንዱ ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል። እኛም መምህራን ማስታወሻው ከመሠራጨቱ በፊት አንብበን ማረም ይገባናል። እናንተም በሚቀጥለው ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ ጀምሩ።